የምንጊዜም ምርጥ ማነው? ቴኒስና ጎልፍ ላይ ሳትረታ የምትሟገትበት መንገድ

ማርቆስ በለው ባሕር ዳር፣ ዲኤስቲቪ ቤት ኳሱ አልቆ ሰው ገና ሂሳብ ሳይከፍል ሜሲ ወይስ ሮናልዶ ይጀመራል፣ ወሬው ወደ ሩጫ ከዞረ ደሞ ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ። ይሄንን ሁሉም ይችልበታል። አሁን አሁን ግን ልጆቹ ስልካቸው ላይ ቴኒስ እያዩ ነው፣ ጎልፍም በቲክቶክ እየገባ ነው፣ ክርክሩም ተከትሎ መጣ። ችግሩ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይመጣና "24 ዋንጫ አለው በቃ"፣ "18 አለው አለቀ" ብሎ ይቀመጣል፣ ከዛ በኋላ የቀረው መጯጯህ ነው። እኛ እኮ የነበላ ልበልሃ አገር ልጆች ነን፣ አያቶቻችን ዳኛ ፊት ቆመው ሲሟገቱ ጭብጥ ያስይዛሉ፣ ተጠየቅ ብለው ይጠይቃሉ፣ እማኝ ይቆጥራሉ። እኔ ምለው ያንኑ ሥርዓት ለቴኒስና ለጎልፍ እናውለው ነው፣ በደንብ ይሰራል።

መጀመሪያ ጭብጡን አስይዝ። "ምርጥ" ሲልህ በምን? ብለህ ጠይቀው። ብዙ ዋንጫ የወሰደ ማለቱ ነው? ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ማለቱ ነው? ረጅም ዘመን ሳይወርድ የቆየ? ወይስ ጨዋታውን ራሱን የቀየረ? እነዚህ አራቱ የተለያየ ሰው ነው የሚሰጡህ። ቢዮርን ቦርግን ውሰድ፣ 6 ፍሬንች ኦፕንና 5 ዊምብልደን በድምሩ 11 ግራንድ ስላም (በየዓመቱ የሚደረጉት አራቱ ትልልቅ የቴኒስ ውድድሮች፣ አውስትራሊያን ኦፕን፣ ፍሬንች ኦፕን፣ ዊምብልደንና ዩኤስ ኦፕን ናቸው) ወስዶ ገና በ26 ዓመቱ ጨዋታውን ተወው። ጭብጡ የጉልበት ዘመን ከሆነ ቦርግ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጭብጡ ረጅም ዘመን ከሆነ ግን ከበር ይመለሳል። ጎልፍ ላይም ቦቢ ጆንስ አለ፣ በ1930 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያኔ ትልልቅ የሚባሉትን አራቱን ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠርጎ በ28 ዓመቱ አቆመ፣ እሱም እንደዛው ነው። ስለዚህ ሰውየው የትኛውን እንደመረጠ በራሱ አፍ፣ ሰው እየሰማ፣ ያስቀምጥ። ይሄን ካላደረግክ ስትረታው ወደ ሌላ ጭብጥ ይዘላል፣ በዋንጫ ስትይዘው "እሱ ግን ውብ ነው አጨዋወቱ" ይልሃል፣ በአጨዋወት ስትይዘው ዋንጫ ይቆጥርልሃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትሯሯጡ ታድራላችሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማምንበት እሱ ነው፣ ዋንጫ ከመቁጠርህ በፊት በሩ ለማን ክፍት ነበር ብለህ ጠይቅ። ማን ገብቶ ተወዳደረ፣ ማን ደሞ ውጭ ቆሞ ቀረ። ይሄ ጥያቄ የማይነካው ሬከርድ የለም ማለት ይቻላል።

ሮድ ሌቨርን እንይ። አውስትራሊያዊ ነው፣ 1962 ላይ አራቱንም ግራንድ ስላም በአንድ ዓመት ወሰደ። ከዛ ገንዘብ የሚከፈለው ፕሮፌሽናል ሆነ፣ በዛን ጊዜ ሕግ ደሞ ግራንድ ስላም የአማተር ብቻ ስለነበር ከ1963 እስከ 1967 ድረስ አንዱንም እንዳይጫወት ተከለከለ። አምስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው፣ ያውም በምርጥ እድሜው። 1968 ላይ በሩ ለሁሉም ሲከፈት ተመልሶ መጣና 1969 ላይ አራቱንም በአንድ ዓመት ድጋሚ ወሰዳቸው። ከዛ ወዲህ ከወንዶች ማንም አልደገመውም። አሁን ሰውየው "ሌቨር 11 ብቻ ነው ያለው" ሲልህ ምን ትለዋለህ? በነዛ አምስት ዓመታት ስንት ይወስድ ነበር ብለህ ቁጥር አትፍጠር፣ እሱ ግምት ነው፣ ዳኛም አይቀበልህም። "በሩ ተዘግቶበት 11፣ አራቱን በአንድ ዓመት ደሞ ሁለቴ" ብለህ ብቻ አስቀምጠው፣ በቂ ነው። ኬን ሮዝዎልም አለልህ፣ እሱማ እንደ ሌቨር ፕሮፌሽናል ሆኖ ከ1957 እስከ 1967 ድረስ ከበሩ ውጭ ቆይቶ ተመልሶ እስከ 1972 ድረስ ግራንድ ስላም ያሸነፈ ሰው ነው።

በሩ በሌላ በኩልም ይሰራል፣ ክፍት ሆኖም ሰው ሳይመጣ ሲቀር ማለቴ ነው። እዚህ ላይ ስለ አውስትራሊያዊቷ ማርጋሬት ኮርትና ስለ አሜሪካዊቷ ሴሬና ዊልያምስ የሚነሳ አንድ የተለመደ ሙግት እንዴት እንደሚሄድ ላሳይህ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጋሼ አሉ እንበል፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ዓይነት፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ቡናቸውን ይዘው።

"ማርጋሬት ኮርት 24 አላት፣ ሴሬና 23፣ ሂሳብ ነው ልጄ።"

"ልክ ነዎት ጋሼ፣ ቁጥሩ እንዳሉት ነው። አንድ ልጠይቅዎት፣ ከ24ቱ ስንቱን ነው አገሯ ላይ የወሰደችው?"

"አገሯ ላይ ማለት?"

"አውስትራሊያን ኦፕን።"

"እሱን እንኳ አልቆጠርኩትም።"

"11 ነው ጋሼ። 7ቱን ደሞ በተከታታይ፣ ከ1960 እስከ 1966፣ ያኔ አውስትራሊያ ሩቅ ነው፣ ከውጭ ብዙ ትልልቅ ተጫዋች አይሄድም ነበር።"

አየህ እሳቸውን ማዋረድ የለም፣ ድምፅ ከፍ ማድረግ የለም፣ ቁጥራቸውን ተቀበልክ፣ ከዛ ቁጥሩን ራሱን ጠየቅከው። ግን ፍትሕ ከፈለግክ እዚህ ላይ አትቁም፣ የቀሩት 13ቱ የአገሯ አይደሉም፣ 5 ፍሬንች፣ 3 ዊምብልደን፣ 5 ዩኤስ ነው፣ 1970 ላይ ደሞ አራቱንም ጠርጋለች። ጋሼ ይሄን ካነሱ ተቀበል። በሙግት ላይ ለሌላው የሚጠቅም እውነት አውቆ መደበቅ ነውር ነው፣ ሰው ከያዘብህ ደሞ ሌላውም ንግግርህ አብሮ ይወድቃል።

ጀርመናዊቷ ስቴፊ ግራፍ ላይ ሲደርስ ነገሩ ከበድ ይላል። 22 ግራንድ ስላም፣ 377 ሳምንት አንደኛ፣ 1988 ላይ አራቱንም ወስዳ ኦሎምፒክ ወርቅም ጨመረችበት፣ አራቱንም እያንዳንዳቸውን ቢያንስ አራት አራት ጊዜ ያሸነፈች እሷ ብቻ ናት። ግን ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሃምቡርግ ላይ ሞኒካ ሴሌስ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ በጨዋታ መሃል ለእረፍት ወንበር ላይ ቁጭ ባለችበት የግራፍ ደጋፊ የነበረ ሰው ከኋላ መጥቶ ጀርባዋን በቢላ ወጋት። ሴሌስ ከ1991 መጀመሪያ ጀምሮ ከተጫወተቻቸው 8 ግራንድ ስላሞች 7ቱን የወሰደች ልጅ ነበረች። ከሁለት ዓመት በላይ ጠፋች፣ እሷ በሌለችበት ግራፍ 6 ግራንድ ስላም ወሰደች። ይሄ የግራፍ ጥፋት አይደለም፣ ማንም እንደዛ እንዳይል። ግን 22 ሲባል አብሮ ሊነሳ የሚገባው ነገር ነው፣ እኔ ይሄን ታሪክ ሳነሳ አሁንም ያንገበግበኛል፣ በራኬት ያልተቻለችን ልጅ በቢላ አስቆሟት።

በሩ በቆዳ ቀለም የተዘጋበትም አለ፣ ይሄንን እኛ ካላነሳን ማን ያነሳዋል። አሜሪካ ውስጥ የፕሮፌሽናል ጎልፍ ተጫዋቾች ማኅበር (ፒጂኤ) ከ1934 ጀምሮ አባልነት ለነጮች ብቻ የሚል አንቀጽ ነበረው፣ የተነሳው 1961 ላይ ነው። ጥቁሩ ተጫዋች ቻርሊ ሲፎርድ የገባው ያኔ ነው፣ ግን ምርጥ እድሜው አልፏል። ከጎልፍ ትልልቅ ውድድሮች አንዱ በሆነው ማስተርስ ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሊ ኤልደር የተጫወተው 1975 ነው። ታይገር ዉድስ እዛው ሜዳ ላይ በ21 ዓመቱ በ12 ምት ልዩነት ያሸነፈው ደሞ 1997፣ በመሃላቸው 22 ዓመት ብቻ። ስለዚህ ከ1961 በፊት ያለ የጎልፍ ሬከርድ ሲጠቀስልህ በጨዋነት "ማን ሳይገባ?" ማለት መብትህ ነው።

አሁን ወደ እርስ በርስ ግጥሚያ ቁጥር እንምጣ፣ ሰው በጣም የሚወደው ማስረጃ እሱ ነው። ቴኒስ ላይ ስፔናዊው ናዳል ስዊዘርላንዳዊውን ፌደረርን 24 ለ16 ይመራዋል፣ ፌደረር እንዴት ምርጥ ይባላል ይሉሃል። በሜዳ ከፋፍለው። ክሌይ ላይ፣ ማለትም ቀዩ አፈር ላይ፣ ናዳል 14 ለ2። ከክሌይ ውጭ ፌደረር 14 ለ10። ስለዚህ ጥያቄው የት ነው የተገናኙት የሚል ሆነ፣ ፌደረር ክሌይ ላይ ፋይናል ድረስ መድረሱ ራሱ ጎዳው ማለት ነው፣ ቀድሞ ቢሸነፍ ኖሮ ናዳልን አያገኘውም ነበር፣ ቁጥሩም አይበላሽም ነበር። ሰርቢያዊውን ጆኮቪችንና ናዳልን ደሞ እይ፣ 31 ለ29፣ ሰው እኩል ናቸው ይላል፣ ግን ሃርድ ኮርት ላይ፣ ማለትም ደረቁ ሜዳ ላይ፣ ጆኮቪች 20 ለ7፣ ክሌይ ላይ ናዳል 20 ለ9፣ ሣር ላይ 2 ለ2። እኩል ሳይሆን እያንዳንዱ የራሱ ግዛት ያለው ነው። ናዳልማ ፍሬንች ኦፕን ላይ 116 ጊዜ ተጫውቶ የተሸነፈው 4 ጊዜ ብቻ ነው፣ 14 ዋንጫ፣ ይሄ በየትኛውም ስፖርት የሚገኝ ነገር አይመስለኝም።

ነጠላ ጨዋታ ይዞ የሚመጣም አለ። የ2019 የዊምብልደን ፋይናል ጥሩ መማሪያ ነው። ፌደረር 38 ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውታል፣ በአምስተኛው ሴት (set፣ የጨዋታው ክፍል) 8 ለ7 እየመራ በራሱ ሰርቭ፣ ኳሱን እሱ እያስጀመረ፣ 40 ለ15 ደረሰ፣ ሁለት የዋንጫ ነጥብ ማለት ነው። ሁለቱንም ጆኮቪች አዳናቸው፣ በመጨረሻም 13 ለ12 አሸነፈ፣ አራት ሰዓት ከ57 ደቂቃ ፈጀ። በጠቅላላ ነጥብ ፌደረር 218፣ ጆኮቪች 204፣ ኤስ (ተቀባዩ ሳይነካው ያለፈ ሰርቭ) ፌደረር 25፣ ጆኮቪች 10። ብዙ ነጥብ ያገኘው ተሸነፈ! የፌደረር ደጋፊ ይሄን ይዞ "እሱ ነበር የተሻለው" ይላል። መልሱ ሦስቱንም ታይብሬክ (ሴቱ እኩል ሲሆን መለያው አጭር ጨዋታ) የወሰደው ጆኮቪች ነው፣ ቴኒስ ነጥብ ተደምሮ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም፣ የትኛው ነጥብ መቼ መጣ ነው ወሳኙ። እንዲያውም እኔን ከጠየቅከኝ የጆኮቪች ታላቅነት እዛችው ላይ ነው ያለው፣ ሁሉም ሰው ለሌላው እያጨበጨበ፣ በሁለት ነጥብ ሊያልቅ ሲል እጁ አልተንቀጠቀጠም።

ጎልፍ ለየት ይላል፣ አያያዙም ይለያል። ቴኒስ ላይ ፊትህ ያለውን አንድ ሰው ካሸነፍክ አለቀ፣ ሰባት ሰው ካሸነፍክ ግራንድ ስላም ያንተ ነው። ጎልፍ ላይ ብዙውን ጊዜ 150 ገደማ ሰው ይገባል፣ እስከ መጨረሻው የቀሩት አራት ቀን 72 ጉድጓድ ይመታሉ፣ አነስተኛ ምት ያደረገ ያሸንፋል፣ አንተ ግሩም ተጫውተህ ከነዛ ሁሉ አንዱ የሕይወቱን ሳምንት ካገኘ ተሸነፍክ። በታሪክ ምርጦቹም ራሳቸው ከሚያሸንፉት የሚሸነፉት በጣም ይበዛል። ስለዚህ "ጆኮቪች 24 አለው፣ ጎልፈኛው ኒክላውስ 18 ብቻ" የሚል ሰው ካጋጠመህ ሙግቱን አትቀጥል፣ መጀመሪያ ይሄን አስረዳው።

የጎልፉ ዋና ሙግት ጃክ ኒክላውስና ታይገር ዉድስ ነው። ኒክላውስ 18 ሜጀር (የጎልፍ አራቱ ትልልቅ ውድድሮች፣ ማስተርስ፣ ዩኤስ ኦፕን፣ የእንግሊዙ ኦፕንና ፒጂኤ ናቸው)፣ ከ1962 እስከ 1986፣ የመጨረሻውን ማስተርስ በ46 ዓመቱ። ከዛም በላይ 19 ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል፣ አርባ ጊዜ ገደማ ዋንጫው በር ላይ ደርሷል ማለት እኮ ነው። ታይገር 15 ሜጀር፣ በአሜሪካ ዋናው የወንዶች ዙር በፒጂኤ ቱር 82 ድል (ከሳም ስኒድ እኩል)፣ 683 ሳምንት አንደኛ። ጭብጡ ረጅም ዘመንና ሜጀር ብዛት ከሆነ ኒክላውስ ነው፣ ከዚህ ላይ አትከራከር። ጭብጡ የጫፍ ጉልበት ከሆነ ግን የ2000ን የጎልፍ ዩኤስ ኦፕን ፔብል ቢች ላይ አውጣ፣ ታይገር ከፓር (ለሜዳው ከተመደበው የምት ብዛት) በታች 12፣ ሁለተኛ የወጡት ከፓር በላይ 3፣ የ15 ምት ልዩነት፣ ከሱ በቀር ከፓር በታች የጨረሰ ሰው የለም። ለሜጀር የነበረው ሬከርድ 13 ምት ሲሆን የተያዘው 1862 ላይ ነው! ከዛ ሰሞን ጀምሮ ከ1999ኙ ፒጂኤ እስከ 2002ቱ ዩኤስ ኦፕን ከ11 ሜጀር 7ቱን ወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይመጣብሃል፣ ተዘጋጅበት። "ኒክላውስ እነማንን ነው የገጠመው? ፓልመር 7፣ ፕሌየር 9፣ ዋትሰን 8፣ ትሬቪኖ 6 ሜጀር ያላቸው። ታይገር ግን ሚክልሰን 6፣ ኤልስ 4፣ ሲንግ 3። የታይገር ተቃዋሚዎች ደካማ ናቸው።" ጥሩ ሙግት ነው ግን ሁለት አፍ አለው። የታይገር ዘመን ሰዎች ሜጀር ያነሳቸው ደካማ ስለሆኑ ነው ወይስ እሱ ስለወሰደባቸው? ደሞስ ከመላው ዓለም የመጣ ጎበዝ ሲበዛ ዋንጫው ለብዙ ሰው ይበተናል፣ ማንም 8ና 9 የመያዝ እድል የለውም። ወደ በሩ ጥያቄ ተመለስን ማለት ነው። ከኒክላውስ ዘመን በፊት የእንግሊዙን ኦፕን ለመጫወት ከአሜሪካ መሻገር ራሱ ኪሳራ ነበር፣ ሳም ስኒድ 1946 ላይ አሸንፎ ሽልማቱ 150 ፓውንድ ስለነበር በቀጣዩ ዓመት ዋንጫውን ሊያስጠብቅ እንኳ አልሄደም። ቤን ሆጋንም በሕይወቱ አንዴ ብቻ ሄዶ 1953 ላይ አሸንፎ ተመለሰ፣ ያውም 1949 ላይ መኪናው ከአውቶቡስ ተላትሞ ይራመድ አይራመድ የተባለ ሰው፣ ከ9 ሜጀሮቹ 6ቱን የወሰደው ከዛ አደጋ በኋላ ነው። ሆጋንን ሙግት ውስጥ ሳታስገባ እንዳትጨርስ።

ሴቶቹን አትርሳ ደሞ። "የቴኒስ ምርጥ" ሲባል ወዲያው ወንድ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይበዛል፣ ማርቲና ናቭራቲሎቫ በነጠላ 18፣ ጥንዱን ሁሉ ጨምሮ 59 ግራንድ ስላም አላት፣ 1983 ላይ ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈችው አንዴ ብቻ ነው። ጎልፍ ላይ ሚኪ ራይት 13 ሜጀርና 82 ድል፣ ሶረንስታም 10 ሜጀርና 72 ድል። ሁለቱንም ስፖርት አንድ ላይ አድርገህ ማን ይበልጣል የሚልህ ካለ ደሞ አልቲያ ጊብሰንን ንገረው፣ 1957ና 1958 ዊምብልደንንም አሜሪካንም ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች፣ ከዛ 1964 ላይ በሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍም የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆና ገባች። በሁለቱም በር ተዘግቶባት በሁለቱም ገባች።

ስለ ሥነ ሥርዓቱ ትንሽ ልበል። ውርርዱ ቡና ይሁን፣ ብር ሲገባበት ሰው እውነት መናገር ይተዋል። ስልክ አውጥቶ ማጣራት ይፈቀድ፣ ግን ሙግቱ ሲያልቅ፣ በየመሃሉ ከሆነ ሁሉም ስክሪን ላይ ይደፋና ወሬው ይሞታል። አንድ ዳኛ ምረጡ፣ የማንም ደጋፊ ያልሆነ ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፣ ካጣችሁ እግር ኳስ ብቻ የሚያይ ሰው ይሻላል፣ እሱ የሚፈርደው በሰማው ብቻ ነው። ታላቅ ሰው ሲናገር አታቋርጥ፣ ከዛ "እርስዎ ባሉት ላይ ጥያቄ አለኝ" ብለህ ግባ። አጨዋወት ሳያዩ በቁጥር ብቻ ለሚሟገቱ ታዳጊዎች ደሞ አንድ ሙሉ ጨዋታ አሳይዋቸው፣ የፌደረርን እጅ ያላየ ሰው የሱ 20 ከጆኮቪች 24 ያንሳል ብሎ ቢያቆም አልፈርድበትም።

የራሴን ፍርድ ከፈለግክ ይኸው፣ በሩ በጣም በተከፈተበት ዘመን የተገኘ ዋንጫ ለኔ ይከብዳል። በወንዶች ጆኮቪች፣ 24 ወስዷል፣ አራቱንም ቢያንስ ሦስት ሦስት ጊዜ፣ 428 ሳምንት አንደኛ ሆኗል፣ አብዛኛውን ደሞ ናዳልና ፌደረር ባሉበት። 2022 ላይ የኮቪድ ክትባት አልወሰድክም ተብሎ ከአውስትራሊያ መባረሩን እንደ ተዘጋ በር አልቆጥርለትም፣ ምርጫው የራሱ ነበር። በሴቶች ሴሬና፣ 23ቱም ዓለም ሁሉ በሚገባበት ዘመን ነው፣ የመጨረሻዋን 2017 አውስትራሊያ ላይ እርጉዝ ሆና። ጎልፍ ላይ ታይገር፣ 18ቱን ባይደርስበትም፣ እስከ 2008 ድረስ 14 ወስዶ፣ እግሩም ጀርባውም በቀዶ ጥገና ተቆራርጦ፣ ከ11 ዓመት በኋላ በ43 ዓመቱ ማስተርስን ድጋሚ አሸንፏል።

አሁን የሚጫወቱትን፣ ከቴኒስ አልካራዝን፣ ሲነርን፣ ከጎልፍ ሼፍለርን፣ 2025 ላይ ማስተርስን አሸንፎ አራቱን ሜጀሮች የሞላውን ማክልሮይን ግን እስኪያቆሙ ድረስ ወደዚህ ሙግት አታስገባቸው፣ የሚያነሳቸው ካለ ቡናውን ይክፈልና በቀጠሮ ይሂድ።